ቀበኛ የተባለው ውሻችን ከነነፍሱ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ለከተማው የውሻ ቁጥጥርና ማስወገድ ክፍል ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ የደም ግፊትዎስ? ቤተሰብዎ እንዴት ነው፤ የልጆችዎ ጣቶች ሁሉም በየቦታቸው አሉ? ይህን የምጠይቀው ለነገር ብዬ አይደለም። በእኛ ቤት ከቅዳሜ ወዲህ የሰው ጤና የሚጠየቀው አካሉ አንድ በአንድ እየተቆጠረ ስለሆነ ልማድ ሆኖብኝ ነው። እኛ ደህና ነን። የእኔ ሁለት የጎን አጥንቶች፣ የአማቴ አንድ የፊት ጥርስና የሰባት ዓመት ልጄ የቀኝ እጅ ሌባ ጣት ሲቀሩ፣ የተረፈው አካላችን በሙሉ ለክቡርነትዎ የአክብሮት ሰላምታውን ያቀርባል።

እኔ ሶፋ ሠሪ ነኝ። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀበኛ የሚባለው ውሻችን በማቆያ ግቢዎ ውስጥ ታስሯል፤ በተያዘ በአሥረኛው ቀን፣ ማለትም የፊታችን ሰኞ፣ መሥሪያ ቤትዎ በሚወደው ቃል ልጠቀምና፣ ይወገዳል። ሳይወገድ ይመልሱልን። ጉዳዬ ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ምክንያቱና ምስጋናው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ተከሳሹ እውነቱን ልናገር፤ ለውሻ ብዬ አልዋሽም። ቀበኛ እንደ ስሙ ነው። ስሙን ያወጣችለት አማቴ ስትሆን፣ ገና የሦስት ወር ቡችላ ሳለ ድስት ከነክዳኑ ከምድጃ ላይ ጎትቶ ያወረደ ዕለት፣ ኧረ ይኼስ ቀበኛ ነው ብላ እንደ ረገመችው ቀረ። ከሰፈሩ በረንዳ ሁሉ ጫማ ይሰርቃል፤ ጥንዱን ግን ወስዶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ አንድ እግር ብቻ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ አንድ እግራቸው በካልሲ የሆነ ጎረቤቶች ቆመው ይጠብቁኛል። የደንበኛ ሶፋ ጨርሼ ዞር ስል ስፖንጁን ዘርግፎ እመሃሉ ተኝቶ አገኘዋለሁ። የግራ ጆሮው ግማሹ የለም፤ ጨርቅ ቀዶ ሲገባ የሶፋው ሞላ ተፈናጥሮ ቆረጠለት፤ በማግስቱ ተመልሶ እዚያው ገባ። አባርረዋለሁ ብዬ ሳልምል የዋልኩበት ቀን የለም፤ ባለቤቴ ደግሞ፣ መጀመሪያ የምትወጣው አንተ ነህ ትለኛለች። መሐላዬን ጨርሼ ስፌት ስጀምር መጥቶ እግሬ ላይ ይጋደማል፤ እግሬ እስኪደነዝዝ ድረስ አልነቃነቅም። እንዲህ ያለውን ነውረኛ ነው እንግዲህ የምንወደው፤ ምን ይደረግ?

አሁን ወደ አቤቱታዎቼ ልለፍ፤ እንዲመችዎ በቁጥር አድርጌአቸዋለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ አውቃለሁና።

፩ኛ/ የመጀመሪያው አቤቱታዬ በራሴ ላይ ነው። ክፍልዎ ባወጣው መመሪያ መሠረት ቀበኛን አስመዝግበን ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ቁጥር የተመታባት ክብ ቆርቆሮ ተሰጠን፤ አንገቱ ላይ አሰርንለት፤ በሳምንቱ በላት። ሁለተኛ አወጣን፤ እሷንም ከነማሰሪያዋ በላት። ሦስተኛዋን ስንቀበል የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ ዓይኑን አፍጥጦ፣ አራተኛ የሚባል ነገር የለም፣ ቆርቆሮዋ ከጠፋች ውሻውም እንደሌለ ይቆጠራል አለን። እኛ ደግሞ ማኅተም ስናይ ቆብ የምናወልቅ ሰዎች ነን። ቤት ገብተን በአማቴ ሰብሳቢነት ተመካከርን። የቤቱ ውድ ነገር ሁሉ ያለበት ቦታ ትቀመጥ ተባለና፣ ቆርቆሮዋ በላስቲክ ተጠቅልላ ከጋብቻ ወረቀታችንና ከልጄ የልደት ምስክር ወረቀት ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈባት፤ ቁልፉም በአማቴ አንገት ላይ ዋለ። ልብ ይበሉልኝ ክቡር ሆይ፣ ከውሻው አንገት ላይ እንዳትጠፋ ብለን ከውሻው አንገት ላይ አወረድናት። ይህን ያህል ሕግ አክባሪዎች ነን! ሕግን እንደኛ አክብሮ በሕግ የተቀጠቀጠ ሌላ ቤተሰብ ካለ በእግዜር ያስተዋውቁን። ቀልዱ ይቅርና፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከአንገቱ ይልቅ ቁም ሣጥን ያመንኩ እኔ ነኝ።

፪ኛ/ የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አንድ ደንበኛ ሶፋውን እያስጫነ ስለነበር የግቢያችን በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ልጄ ቀበኛን አጋድማ በራሷ ማበጠሪያ ታበጥረዋለች። በዚህ መካከል ክፍልዎ ያሠማራቸው ሦስት ሠራተኞች ከነአለቃቸው፣ ሁለቱ ዱላ፣ አንዱ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የታሰረ የሽቦ ማነቆ ይዘው፣ እንደምን አደራችሁ ሳይሉ ገቡ። ለዚህ ትጋታቸው ምስጋናዬ የላቀ ነው። መንገድ ለመንገድ የሚናከሱትን ባለቤት አልባ ውሾች ማሯሯጥ እንዴት እንደሚያደክም ይገባኛል፤ በማበጠሪያ ሥር የተጋደመ ውሻ ማግኘት ለእነሱም እረፍት ነው።

ልጄ ቁጥር አለው፣ ቁጥር አለው እያለች ጮኸች። አማቴ ቁልፉን ከአንገቷ እያወለቀች ወደ ቤት ሮጠች፤ ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ሮጠች ስልዎት በእርስዎና በእኔ አቆጣጠር ተራመደች ማለት ነው። እኔም ቆርቆሮዋ ቁም ሣጥን ውስጥ ናት፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ታገሡን ብዬ ለመንኩ። አለቃቸው ሰዓቱን አየና፣ እኛ የምናየው አንገት እንጂ ቁም ሣጥን አይደለም አለኝ። ከዚያ ሽቦው አንገቱ ላይ ገባ። ቀበኛ ሲጎተት ልጄ ሆዱን አቅፋ አብራው ተጎተተች። የመጀመሪያው ዱላ ወገቡ ላይ አረፈ፤ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ሁለተኛው የወረደው ልጄ እጅ ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በትሕትና እዘረዝራለሁ፤ አንዱንም አልክድም። በእጄ ገና ቀለም ያልተቀባ የሶፋ እግር ነበር፤ እሱን ልጄን በመታው ሠራተኛዎ ትከሻ ላይ አሳረፍኩት፤ ደግሜም አሳረፍኩት፤ ሲወድቅም አልተውኩትም። እንጨቱ አልተሰነጠቀም፤ ስለ ዕቃዬ ጥራት ምንጊዜም ዋስ ነኝ። ባለቤቴ በልብስ ንጽሕና ቤት ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስትጨምቅ የምትውል ሴት ናትና ክንዷን ማንም እንዲቀምሰው አልመክርም። ውኃ የሞላ ባልዲ አንስታ ማነቆውን በያዘው ሰውዬ ጆሮ ግንድ ላይ ብታሳርፈው ባልዲውም ሰውየውም እኩል ተጣመሙ። እኔን ከኋላ ጎኔን አሉኝና ተደፋሁ። መሬት ላይ ሆኜ የማየው ጫማ ብቻ ነበር፤ ሆዴን፣ ጎኔን፣ ፊቴን እየፈለገ የሚመጣ የጫማ አፍንጫ። ቀበኛ ሽቦው እያነቀው፣ ምላሱ ጠቁሮ፣ የኋላ እግሮቹ እንደ ጨርቅ እየተጎተቱ፣ ተጠምዝዞ የአለቃቸውን መቀመጫ ነክሶ ያዘ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ቀበኛንም ጨምረው ይመዝግቡልኝ። አፉን ያስለቀቁት በዱላ ጥርሱን አርግፈው ነው። ደሙ ገመድ ላይ በተሰጣው አንሶላ ላይ ተረጭቶ ባለቤቴ ሦስት ጊዜ አጥባው አልለቀቀም።

ከዚያ እግሮቹን ይዘው እንደ ጆንያ መኪናው ላይ ወረወሩት። ይኼን ጊዜ ነው አማቴ ቆርቆሮዋን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ አገኘኋት፣ አገኘኋት እያለች ብቅ ያለችው። መኪናው ተነሣ። ተከትላው ሮጠች፤ አሁንስ የእውነት ሩጫ ነበር፤ ከበራችን አሥር እርምጃ ሳትርቅ በግንባሯ ተደፋች። ጥርሷ የቀረው እዚያ ነው፤ ቆርቆሮዋን ግን አልለቀቀችም። ሐኪም ቤት ተራ ይዘን ስንቀመጥ እኔ ጎኔን ይዤ፣ አማቴ አፏን ይዛ፣ ልጄ ጣቷን ይዛ ያየ ሰው ሁሉ የመኪና አደጋ ነው ወይ ይለናል፤ አይ፣ መመሪያ ነው እላለሁ።

፫ኛ/ ሦስተኛውን አቤቱታ ባለቤቴ አንብባ ቀደደችው። በውስጡ ስለ ሠራተኞችዎ እናቶች የተጻፉ አንድ ሁለት መስመሮች ነበሩ፤ እናቶቻቸው ምን በደሉ አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ በቀጥታ ወደ አራተኛው አልፋለሁ።

፬ኛ/ ሰኞ ጎኔን በጨርቅ አስጠፍሬ ቆርቆሮዋን ይዤ መሥሪያ ቤትዎ ቀረብኩ። አዳራሹ ንጹሕ ነው፤ ወንበሮቹ ግን ስፖንጃቸው አልቆ እንጨት ለእንጨት ሆነዋል፤ ባለሙያ ነኝና ዓይኔ አያልፍም። መስኮት ቁጥር አንድ ላይ ያለችው ወይዘሮ፣ በጣም ትሑት ሴት ናት፣ ቆርቆሮ ማስረጃ የሚሆነው በአንገት ላይ ሲገኝ ብቻ ስለሆነ ውሻውን ይዘው ይምጡ አለችኝ። ውሻው እናንተው ጋ ነው ብላት፣ እንግዲያው ከማቆያ ግቢው ተረክበው ይዘውልን ይምጡ አለች። ወደ ግቢው ሄድኩ፤ ጥበቃው ውሻ ለመረከብ ከመስኮት ቁጥር አንድ ወረቀት ያስፈልጋል አለኝ። ተመለስኩ፤ ወረቀቱ የሚጻፈው ቆርቆሮዋ ከነአንገቱ ስትቀርብ ነው ተባልኩ። ማክሰኞም እንዲሁ፣ ረቡዕም እንዲሁ። ወይ ጣጣ! ውሻው ያለ ቆርቆሮ አይወጣም፣ ቆርቆሮዋ ያለ ውሻ አትሠራም፤ እኔ መሃል ቆሜ እግሬ ቀጠነ።

ሐሙስ ዕለት በግቢው አጥር ሥር ቆሜ መኪናዎ ሲያራግፍ አየሁ። ውሾቹን የሚያወርዷቸው በሽቦው አንገታቸውን ይዘው ወደ ሲሚንቶው በመወርወር ነው፤ የተነሣውን በዱላ መልሰው ያስተኙታል፤ ያልተነሣው ወደ ሌላ በር ይጎተታል። ከእነሱ መካከል ቀበኛን አጣሁት። አጥሩን ተደግፌ፣ ቀበኛ፣ ቀበኛ ብዬ ተጣራሁ። ከውስጥ ያሉት ሁሉ ጮኹ፤ የእሱን ድምፅ መለየት አልቻልኩም። ሰው ምን ይለኛል ሳልል አለቀስኩ። የአርባ አራት ዓመት ሰው ነኝ፤ አባቴ ሲሞት እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም።

፭ኛ/ ይህ አቤቱታ ሳይሆን የእንኳን ደስ ያለዎት መልእክት ነው። በአዳራሽዎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የሩብ ዓመት የሥራ ሪፖርት አይቻለሁ፤ የዕቅዱ መቶ አራት በመቶ ተፈጽሟል። በርቱልን! የመቶውን አላውቅም እንጂ ከአራቱ ውስጥ አንዱ የእኛ እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ባለ ማበጠሪያው።

በዚህ ሁሉ መካከል ሰፈሩ እንዴት ሆነ ብለው እንደሚጨነቁ አውቃለሁ። ከጎናችን ያለው ባለ ጋራዥ አራት የግራ እግር ጫማ የተሰረቀበትና ይህን ውሻ አንድ ቀን በገዛ እጄ አንቀዋለሁ እያለ ሲዝት የኖረ ሰው ነው። ነገሩን የሰማ ዕለት የብረት መፍቻውን ይዞ መጣና፣ ና እንሂድ የግቢያቸውን በር እንገንጥለው፣ ከዚያ የፈለገው ይምጣ አለኝ። እኔም ተነሥቼ ነበር። የከለከለችን ባለቤቴ ናት፤ በር ላይ ቆማ፣ ሁለታችሁም ብትታሰሩ ለልጅቷ ምን ብዬ ልንገራት አለችን። ስለዚህ የማቆያ ግቢዎ በር እስካሁን በማጠፊያው ላይ የቆመው በእሷ ቸርነት መሆኑን እንዲያውቁት ይሁን።

፮ኛ/ የመጨረሻው ስለ ልጄ ነው። ልጄ ቆርቆሮዋን በክር አንጠልጥላ ራሷ አንገት ላይ አሰረቻት። ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ ይህ ያለበት አይመታም ብላችሁኛል አይደል አለችኝ። ትምህርት ቤትም ይዛት ሄደች፤ ስትታጠብም አላወለቀችም፤ መንገድ ላይ የክፍልዎን መኪና ስታይ ኮሌታዋን ገለጥ አድርጋ ታሳያለች። ክቡር ሆይ፣ ለልጆቻችን ሕግን ለማስተማር ስለሚያደርጉት ጥረት መላው ቤተሰብ እጅ ይነሣል። እኔ በሰባት ዓመት ያላስገባሁላትን ሠራተኞችዎ በአንድ ዱላ አስገብተውላታል።

ትናንት ዓርብ ታዲያ መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ ያለው ባለ መነጽር ሹም፣ ዓይኔን አይቶ አዝኖ ይመስለኛል፣ ቆርቆሮዋን አምጥተህ ለእኛ አስረክብ፣ እኛው አንገቱ ላይ እናስርልህና ሰኞ ጠዋት ትወስደዋለህ አለኝ። እየበረርኩ ቤት ገባሁ። ልጄ ግን ከአንገቷ አላስወልቅም አለች። በግድ ላወልቅ ስል እጄን ነከሰችኝ፤ ክቡርነትዎ፣ እስከ አጥንቴ ነው የነከሰችኝ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚሁ እጅ ነው። ለቀበኛ አንገት ነው፣ ሰኞ ይዤልሽ እመጣለሁ ብዬ ማልኩላት፤ ያን ጊዜ አፏን ከፈተች። በዚህ ውሻ ስም ስንት ጊዜ በከንቱ እንደ ማልኩ ከላይ ነግሬዎታለሁ። ይህችን አንዲት መሐላ እንዲያስጠብቁልኝ ግን እግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ። ቆርቆሮዋን ትናንቱኑ ለሹሙ አስረክቤያለሁ፤ አሁን በእጅዎ ናት።

ውሻው ጥርሱ ቢረግፍም፣ ወገቡ ቢሰበርም፣ መራመድ ባይችልም ግድ የለም፤ ተሸክሜው እሄዳለሁ። ሠራተኛዎን ስለ መምታቴ ቅጣት ካለብኝ በደስታ እቀበላለሁ፤ የጎን አጥንት እንደሆነ ሐኪሙ ሃያ ሁለት ጤነኛ እንደቀረኝ ነግሮኛል፤ ሠራተኞችዎ በሚመቻቸው ቀን መጥተው ይቀጥሉ። ይህ ደብዳቤ ሰኞ ጠዋት በመሥሪያ ቤትዎ አጥር ላይ ይለጠፋል፤ ቀጥሎም ለጋዜጣ ይሰጣል፤ እንዲህ የማደርገው ለማሳጣት ሳይሆን፣ ለክቡርነትዎ የተጻፈ ምስጋና በመሳቢያ ውስጥ ታፍኖ እንዳይቀር ሠግቼ ነው።

ዕድሜና ሥልጣን፣ ከሁለቱም በላይ ደግሞ የሚነክስዎት ልጅ እንዳያሳጣዎት እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በትንሽ ትንፋሽ (ጎኔ ስለሚወጋኝ ነው) ፊርማዬን አኖራለሁ።

ሶፋ ሠሪው፤
የቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ጌታ

ግልባጭ፦
ለመስኮት ቁጥር አንድ
ለመስኮት ቁጥር ሦስት
ለሠራተኞቹ አለቃ (ቆመው ለሚያነቡት)

ማስታወሻ፦ ይህን የምጨምረው ሰኞ ከቀትር በኋላ ነው። ጠዋት ደብዳቤውንና ኮላዬን ይዤ፣ ልጄንም አስከትዬ ስመጣ፣ የግቢው ጥበቃ ከሩቅ ጠራኝና ወረቀቱ ደርሷል፣ ውሻህን ውሰድ አለኝ። ልጄ ዘለለች። በገመድ ስቦ ያመጣልን ነጭ ውሻ ነው፤ ሁለት ሙሉ ጆሮ ያላት፣ ሴት። አንገቷ ላይ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ቁጥር ታስሯል። የእኛ ቡናማ ነው፣ ወንድ ነው፣ ጆሮው ግማሽ ነው አልኩት። ጥበቃው ወረቀቱንና ቆርቆሮዋን አስተያይቶ፣ ቁጥሩ ትክክል ነው አለኝ። ቀጥሎ ልጄ እንዳትሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ባለ ግማሽ ጆሮው በመጣ በማግስቱ እሑድ ዱላው ውስጡን ጎድቶት መሞቱን፣ ይሁን እንጂ ወረቀቱ አንድ ውሻ ይለቀቅ ስለሚል አንድ ውሻ መለቀቅ እንዳለበት ነገረኝ። እንግዲህ መስኮት ቁጥር አንድ ላይ መጀመሪያ ስሰለፍ ቀበኛ ከሞተ አንድ ቀን ሆኖት ነበር። አጥር ሥር ቆሜ ስጣራም አልነበረም። መዝገብዎ ግን አልተዛነፈም፤ ስለዚህ ነገር እንኳን ደስ ያለዎት። ከዚህ በታች ያለውን ክቡርነትዎ ባያነቡትም ቅር አይለኝም፤ የእርስዎ አልቋል፣ የተረፈው ለሌላ ሰው ነው።

ውሻይቱን ልመልሳት አልቻልኩም፤ የተመለሰ ውሻ ምን እንደሚደረግ አይቻለሁና ይዘናት ቤት ገባን። ለልጄ እውነቱን ነገርኳት፤ እስኪደክማት አልቅሳ ስታበቃ እኔ ያላየሁትን አየች። የውሻይቱ የፊት እግሮች ጥፍሮች ቀይ ቀለም ተቀብተዋል። የልጅ አቀባብ ነው፤ ግማሹ ቀለም ያለው ጸጉሯ ላይ ነው። ይህችን ውሻ የቀባሽው ልጅ፣ የትም ብትሆኚ፣ ወላጆችሽ ይህን ካነበቡ ሶፋ ሠሪው ቤት ብለው ጠይቀው ይምጡ። በሕይወት አለች። ትንሽ ትንሽ ትበላለች፤ እንጨት የያዘ ሰው ስታይ መሬት ላይ ተኝታ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ከዚያ ውጭ ደህና ናት። መኪናው ገና ስለሚዞር ቆርቆሮዋን ከአንገቷ አላወረድንም። ውሻይቱ ጭቃ በጭቃ ብትሆንም፣ ልጄ፣ ቀለሙ ከለቀቀ ባለቤቶቿ በምን ያውቋታል ብላ፣ እግሯን እንዳናጥብ ከልክላናለች።